ኬሚስትሪን ወጥ ቤት ያስገባችው ሴት

በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ላይ ሙዝ፣ እንጀራ ላይ ሰጋቱራ መቀላቀል ለአዲስ አበባ ሸማች እንግዳ ወሬ አይደለም። ምግብን ከባዕድ ነገር ጋር ቀላቅሎ ሲሸጥ ስለተያዘ ሰው በሬዲዮ በተነገረ ቁጥር ሸማቹ “እኔስ በምን ልለየው?” ይላል። የቦስተን ሰዎችም ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ይህንኑ ይሉ ነበር። በ1870ዎቹ መጨረሻ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የማሳቹሴትስ ግዛት የጤና ቦርድ በየሱቁ የሚሸጠው ሸቀጥ እንዲመረመር አዘዘ። ቀረፋው ውስጥ የእንጨት ብናኝ፣ ስኳሩ ውስጥ አሸዋ ተገኘ። ሸቀጡን ከመረመሩት መካከል ኤለን ስዋሎ ሪቻርድስ የምትባል ኬሚስት ነበረች። ግዛቲቱ በ1882 የምግብና የመድኃኒት ብረዛን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ኤለን ግን በሕጉ ብቻ አልረካችም። የቤት እመቤቷ ራሷ ጓዳዋ ውስጥ በቀላሉ መርምራ የምትለይበትን መንገድ የያዘ መጽሐፍ በ1885 አሳተመች። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የቤት አያያዝ ሳይንስ ወይም ሆም ኢኮኖሚክስ የሚባለው ትምህርት ታሪኩ ሲነገር ስሟ በመጀመሪያው ረድፍ የሚጠራው እንዲህ ባለው ሥራዋ ነው።

ኤለን በ1842 ደንስተብል በምትባል የማሳቹሴትስ ገጠር ተወለደች። አባቷም እናቷም መምህራን ነበሩ፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ቤተሰቡ ኋላ ላይ ዌስትፎርድ ሄዶ ሱቅ ሲከፍት፣ እሷ በአንድ በኩል እየተማረች በሌላ በኩል ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ትሸጥ ነበር። ሴት ልጅን የሚቀበል ኮሌጅ ብርቅ በሆነበት ዘመን፣ ለመማሪያ የሚሆን ገንዘብ ለማጠራቀም አስተማረች፣ ሰው ቤት አጸዳች፣ ምግብ አበሰለች። የቫሳር ኮሌጅ ለሴቶች ከተከፈተ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ገባች። እዚያ ያስተማረቻት የሥነ ፈለክ ሊቋ ማሪያ ሚቼል ነበረች፤ ኤለንም ከዋክብትን እስከ መጨረሻው ልትከተል ምንም አልቀራትም ነበር። ያሸነፋት ግን ኬሚስትሪ ነው። ሰው ከሚበላው፣ ከሚጠጣውና ከሚተነፍሰው ጋር የሚገናኝ እውቀት ነበር የምትፈልገው።

በ1870 ስትመረቅ ሥራ ፍለጋ ለኬሚስትሪ ድርጅቶች ደብዳቤ ጻፈች። አንድ የፊላደልፊያ ድርጅት “እኛ ዘንድ ቦታ የለም፤ ቦስተን ያለውን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሞክሪ” ሲል መለሰላት። ዛሬ ኤም አይ ቲ በሚል ስም ዓለም የሚያውቀው ኢንስቲትዩት ያኔ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ ሴት ተማሪም ተቀብሎ አያውቅም። በታኅሣሥ 1870 ግን በልዩ ተማሪነት ተቀበላት፤ ክፍያም አልጠየቃትም። ኤለን ድህነቷን አይተው ያደረጉላት ቸርነት መስሏት ደስ አላት። ምክንያቱን የሰማችው ዘግይታ ነው። ከባለአደራዎቹ አንዱ ወይም ከወንዶቹ ተማሪዎች አንዱ ቅሬታ ቢያነሳ፣ ፕሬዚዳንቱ “እሷ እኮ ተማሪያችን አይደለችም” ማለት እንዲችሉ ስሟ ከከፋዮች መዝገብ እንዳይገኝ ተፈልጎ ነበር። ይህን ባውቅ ኖሮ አልገባም ነበር ብላለች።

ከገባች በኋላ የያዘችውን ዘዴ ዛሬ ያነበበ ሰው በሁለት ልብ ይሆናል። የአንዱን ፕሮፌሰር ወረቀት ትሰፋለች፣ የሌላውን የቆሰለ ጣት ታስራለች፣ አቧራ ትወለውላለች። ሴት ስለሆነች የሚፈሯት ሰዎች፣ በሴትነቷ የምትጠቅማቸው መሆኗን ሲያዩ ልባቸው ይላላ ነበር። እኔ ይህን እንደ ማጎንበስ አላየውም። ቤተ ሙከራው ውስጥ ለመቆየት የከፈለችው ዋጋ ነው፤ ያ ዋጋ ግን ኋላ ላይ በመሠረተችው የትምህርት ዘርፍ ላይ ጥላውን ጥሏል። በ1873 ከኢንስቲትዩቱ በሳይንስ ዲግሪ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ዶክትሬቱን ግን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አልሰጣትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የማዕድን ምህንድስና ፕሮፌሰር የነበረውን ሮበርት ሪቻርድስን አገባች። የጫጉላ ጉዟቸው ወደ ኖቫ ስኮሻ የማዕድን ማውጫዎች ነበር፤ የባሏ ተማሪዎችም አብረዋቸው ሄዱ። በ1876 በቦስተን ሴቶች የትምህርት ማኅበር ድጋፍ በኢንስቲትዩቱ ውስጥ ለሴቶች የሚሆን የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ እንዲከፈት አደረገች፤ ብዙዎቹ ተማሪዎቿ የትምህርት ቤት መምህራት ነበሩ። ያለ ደመወዝ አገለገለች፤ ከራሷ ኪስም ጨመረችበት። በ1883 ኢንስቲትዩቱ ሴቶችን እንደ ወንዶቹ በመደበኛነት መቀበል ሲጀምር ያ ቤተ ሙከራ ተዘጋ። በዓመቱ የንጽህና ኬሚስትሪ መምህርት ተብላ ተሾመች፤ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ በዚያው ማዕረግ ቆየች።

ከሥራዎቿ ሁሉ ልቤን የሚይዘው የውሃው ነው። የጤና ቦርዱ ከ1887 ጀምሮ የግዛቲቱ የመጠጥ ውሃ በሙሉ እንዲመረመር ባዘዘ ጊዜ፣ ከየወንዙ፣ ከየሐይቁና ከየጉድጓዱ የተቀዳ ከሃያ ሺህ በላይ ናሙና በእሷ ቤተ ሙከራ አለፈ። ስትመረምር አንድ ነገር አስተዋለች። ንጹሕ የሚባል ውሃ እንኳ ጥቂት ጨው አለው፤ ከባሕር የሚነሳው ነፋስ ያመጣዋል። ስለዚህ ጨዉ በባሕሩ ዳርቻ ይበዛል፣ ወደ መሀል አገር ሲገባ በሥርዓት እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ መጠን በካርታ ላይ በመስመር ሰፈረ። ከዚያ በኋላ የአንድ መንደር ጉድጓድ ውሃ መስመሩ ከሚለው በላይ ጨው ከተገኘበት፣ ትርፉ ከባሕር አልመጣም ማለት ነው፤ ከሰው መጸዳጃ ሰርጎ ገብቷል። ቀለሙ የጠራ፣ ጣዕሙ ያልተለወጠ ውሃ ላይ አደጋን አስቀድሞ የሚያሳይ ካርታ ነበር። ታይፎይድ ቤት ሙሉ ሰው በሚጨርስበት ዘመን ይህ ምን ያህል ነፍስ እንዳተረፈ መገመት አያዳግትም።

የራሷን ቤትም እንዲሁ መረመረችው። ጃማይካ ፕሌይን በተባለው የቦስተን ሰፈር የነበረው መኖሪያዋ ሁለተኛ ቤተ ሙከራዋ ነበር። ከባዱን መጋረጃ አውርዳ በመስኮቱ ላይ አትክልት አሳደገች፤ አቧራ የሚይዘውን ወለል ሙሉ ምንጣፍ አንስታ ተነቅሎ የሚራገፍ ትንንሽ ምንጣፍ አነጠፈች፤ የከሰሉን ምድጃ በጋዝ ተካች፤ ጭሱና የታፈነው አየር የሚወጣበትን መንገድ አበጀች። የጋዙን ፍጆታ እየመዘገበች ወጪውን ታሰላ ነበር። ስለ ማብሰልና ስለ ጽዳት ኬሚስትሪ በ1882 የጻፈችው መጽሐፍ ሊጥ ለምን እንደሚነፋ፣ ሳሙና ቅባትን እንዴት እንደሚያነሳ ለቤት እመቤቷ ያስረዳል። ሴትየዋ “እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር” ከማለት አልፋ “ለምን?” ብላ እንድትጠይቅ ነበር ፍላጎቷ።

እርግጥ ቤትን ለትምህርት ያቀረበች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ አይደለችም። ካትሪን ቢቸር በ1841 ባሳተመችው መጽሐፍ ከሕፃን አያያዝ እስከ ምድጃ አሠራር ያለውን በአንድ ጥራዝ ሰብስባ፣ ይህ በሴቶች ትምህርት ቤት እንደ ማንኛውም ትምህርት ሊሰጥ ይገባል ብላ ተከራክራለች። ስለ ባርነት በጻፈችው ልብ ወለድ ዓለም የሚያውቃት ሃሪየት ቢቸር ስቶው እህቷ ናት። ካትሪን ራሷ አላገባችም፤ የሴቶችን የመምረጥ መብትም ትቃወም ነበር፤ የሴት ሥልጣን በቤቷ ውስጥ ነው ባይ ነች። ከ1862ቱ የመሬት ስጦታ ሕግ በኋላ የተከፈቱት የእርሻ ኮሌጆች የገበሬ ሴት ልጆችን ሲቀበሉ፣ በአዮዋና በካንሳስ የቤት አያያዝ በኮሌጅ ደረጃ መሰጠት ጀመረ። ኤለን የጨመረችበት ሚዛኑንና የሙከራ ቱቦውን ነው።

በ1890 የመጀመሪያ ቀን ከሜሪ ሂንማን ኤብል ጋር በቦስተን የኒው ኢንግላንድ ወጥ ቤት የሚባል ምግብ ማደያ ከፈተች። ሐሳቡ መልካም ነበር። ርካሹ የሥጋ ክፍል ቀስ ብሎ ሲበስል እንደ ውዱ እንደሚመግብ ሠራተኛው ሕዝብ አይቶ፣ ቀምሶ፣ ገዝቶ ወደ ቤቱ ይውሰድ ተባለ። እያንዳንዱ ምግብ ተመዝኖ፣ ተሰልቶ፣ ሁልጊዜ ጣዕሙ አንድ እስኪሆን ተሞክሮ ነው የቀረበው። የሥጋ መረቁ፣ የአተር ሾርባው፣ የበቆሎ ገንፎው ሁሉ የኒው ኢንግላንድ ነባር ነዋሪዎች ምግብ ነበር። ከአየርላንድ፣ ከጣሊያንና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣው ስደተኛ ግን ያን መረቅ አልወደደውም። የናፈቀው የእናቱን ቤት ጣዕም ነበር፤ ቅመሙንም፣ ሽታውንም። ወጥ ቤቱ ከታሰበለት ድሃ ይልቅ የመካከለኛው መደብ ሰው የሚያዘወትረው ሆነ። አንድ ሰው የሚበላው ፕሮቲኑንና ስቡን ብቻ እንዳልሆነ እነዚህ የተማሩ ሴቶች ያን ጊዜ በበቂ አልተረዱትም፤ ድሃው የራሱ ባልትና እንዳለውም አልጠየቁም።

ሥራው ግን ባልታሰበ በኩል ፍሬ አፈራ። በ1893 በቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ኤለን ያዘጋጀችውና ራምፈርድ ወጥ ቤት የተባለው ትንሽ ቤት በሠላሳ ሳንቲም ምሳ ያቀርብ ነበር፤ ተመጋቢው ከሳህኑ ጎን በሚቀመጥለት ካርድ ላይ ምግቡ ስንት ፕሮቲን፣ ስንት ስብ፣ ስንት ካሎሪ እንዳለው ያነባል። በዚያ ዘመን ተራ ሰው ካሎሪ የሚባል ቃል ሰምቶ አያውቅም። በዓመቱ የቦስተን ትምህርት ቤቶች ኮሚቴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ምሳ ከኒው ኢንግላንድ ወጥ ቤት እንዲቀርብ ወሰነ። በአሜሪካ የትምህርት ቤት ምገባ ታሪክ ሲጻፍ ይህ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አይጠፋም።

በመስከረም 1899 በኒውዮርክ ተራሮች መካከል ባለችው ሌክ ፕላሲድ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ተሰበሰቡ። የጋበዟቸው ሜልቪል ዱዊና ባለቤቱ አኒ ነበሩ፤ ቤተ መጻሕፍት የገባ ሰው ሁሉ በሚያውቀው የመጻሕፍት አመዳደብ ስሙ የሚነሳው ዱዊ ነው። ስብሰባውን ኤለን መራችው። የትምህርቱን ስም፣ ይዘቱንና ማን ማስተማር እንዳለበት ለአሥር ዓመት በየዓመቱ እየተገናኙ ተወያዩ፤ ከዚያም የአሜሪካ ሆም ኢኮኖሚክስ ማኅበርን በዋሽንግተን መሠረቱ። በ1909 መጽሔታቸው መውጣት ጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንትም ኤለን ሆነች። በ1911 በስድሳ ስምንት ዓመቷ አረፈች።

እነሱን ያስተናገደው የሌክ ፕላሲዱ የዱዊ ክለብ ግን አይሁድንና ጥቁሮችን በደንቡ የማይቀበል ክለብ ነበር። በዚህ ምክንያት የተነሳው ተቃውሞ ዱዊን ከኒውዮርክ ግዛት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነቱ አስለቅቆታል። ስለ አገሪቱ ቤቶች ሁሉ ሲመከር፣ ከአገሪቱ ሕዝብ አንዱ ክፍል ከደጅ ቀርቷል። በእነዚያው ዓመታት አላባማ ውስጥ ማርጋሬት መሪ ዋሽንግተን፣ የተስኪጊ ኢንስቲትዩት መሥራች የቡከር ዋሽንግተን ባለቤት፣ ከባርነት ገና በወጣ ሕዝብ መካከል ከባዱን ሥራ ትሠራ ነበር። ከ1892 ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የገጠር ሴቶች ከባሎቻቸው ጋር ለገበያ ወደ ከተማ ሲመጡ፣ ከሱቅ በላይ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ትሰበስባቸዋለች። ባሎች ሲሸጡና ሲገዙ፣ ሴቶቹ ስለ ሕፃን ንጽህና፣ ስለ ልብስ ስፌት፣ ባለ አንድ ክፍሉን ቤት በጨርቅ ከፍሎ ስለ መኖር፣ ዕዳን ስለ መሸሽ ይማራሉ። ገበያ ቀን መምረጧ ራሱ የሴቶቹን ኑሮ ምን ያህል እንደምታውቅ ያሳያል። የኒው ኢንግላንዱ ወጥ ቤት ያጣው ይህን ነበር።

ትምህርቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደገባ ለማየት ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ምሳሌ የለም። በ1900 ማርታ ቫን ሬንሴለር የገበሬ ሚስቶችን በደብዳቤ እንድታስተምር ተጠራች። የመጀመሪያው ጽሑፏ ስለ እርምጃ ቁጠባ ነበር፤ ሴትየዋ በቀን ውስጥ ከምድጃ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ጓዳ ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ አስልታ ዕቃዋን እንድታቀራርብ የሚመክር። ፍሎራ ሮዝ በ1907 ተቀላቀለቻት። በ1911 ሁለቱ በኮርኔል ሙሉ ፕሮፌሰርነት የተሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሆኑ፤ በ1925 ክፍላቸው ራሱን የቻለ ኮሌጅ ሆነ። ከ1914ና ከ1917ቱ የፌደራል ሕጎች በኋላ መንግሥት ለገጠር ኤክስቴንሽንና ለሁለተኛ ደረጃ የቤት አያያዝ ትምህርት በጀት ስለመደበ ትምህርቱ በመላ አገሪቱ ተሠራጨ። በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን፣ በመጋቢት 1933፣ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ኮርኔሎች ያወጡትን የሰባት ሳንቲም ተኩል ምሳ በዋይት ሐውስ አቀረበች፤ እንቁላል በቲማቲም ስጎ፣ የተፈጨ ድንች፣ የደረቀ ፕለም ፑዲንግ፣ ዳቦና ቡና። የፕሬዚዳንቱ ቤት ይህን ከበላ፣ ሥራ ያጣው ቤተሰብ አያፍርበትም ተብሎ ነው።

ኮርኔል ያደረገው ሌላ ነገር ግን ዛሬ ሲነገር ያስደነግጣል። ተማሪዎቹ ሕፃን ማሳደግን በተግባር እንዲማሩ ከማሳደጊያ ድርጅት ሕፃን ያመጡ ነበር። የመጀመሪያው ዲኪ ይባላል፤ የአባት ስሙ ከትምህርት ክፍሉ ስም ተቆርጦ ዶምኮን ተባለ፤ ከእሱ በኋላ የመጡትም ሁሉ በዚሁ ስም ተጠሩ። ጥቂት ተማሪዎች አብረው በሚኖሩበት ቤት ውስጥ ሕፃኑን ተራ በተራ ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ ክብደቱን ይመዘግባሉ። አንዷ ተራዋ ሲያበቃ ሌላዋ ትተካለች። ከዓመት ገደማ በኋላ ሕፃኑ ለጉዲፈቻ ይሰጣል፤ በሳይንስ ያደገ ልጅ ነው ተብሎ ፈላጊው ብዙ ነበር። ልማዱ እስከ 1969 ዘልቋል። እነዚያ ሕፃናት በሚገባ ተመግበዋል፣ ተመዝነዋል፣ ንጹሕ አልጋ ላይ ተኝተዋል። አንዲት እናት ግን አልነበረቻቸውም፤ ይህን ለማወቅ መለኪያ መጠበቅ አልነበረበትም እላለሁ።

በኛም አገር በ1960ዎቹ አጠቃላይ በሚባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከንግድ፣ ከእርሻና ከእጅ ጥበብ ጎን የቤት አያያዝ ዘርፍ ተከፍቶ ነበር። ብዙ እናቶቻችን ባልትና በሚል ስም የተማሩት የዚያ ዘመን ትምህርት ምንጩ ከዚህ ታሪክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያኔውኑ ነቀፌታው ተነስቶ ነበር፤ የሴቶች እንቅስቃሴ ትምህርቱን ልጃገረድን ወደ ምድጃ የሚመልስ ወጥመድ አድርጎ አየው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የማኅበሩ ጉባኤ ላይ የተጋበዘች ተናጋሪ ተሰብሳቢዎቹን ጠላቶቼ ናችሁ እስከማለት ደርሳለች። ነቀፌታው መሠረት አለው። ኬሚስትሪ የተማረች ሴት በኬሚስትሪ ክፍል ቦታ ስታጣ በቤት አያያዝ ክፍል ነበር የምትቀጠረው፤ በዚያ በር ስትገባም ሌላው በር ይዘጋባታል። ይሁንና ያ በር ባይኖር ኖሮ አብዛኞቹ ከነጭራሹ ባልገቡ ነበር። በ1923 በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ሥር በተቋቋመው የሆም ኢኮኖሚክስ ቢሮ የምግብ ይዘት የለኩ፣ ለልብስ ቁጥር መሠረት እንዲሆን አሥራ አምስት ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን የለኩ ሳይንቲስቶች እነዚሁ ሴቶች ናቸው።

ፍሌሚ ኪትሬል የዚህ ሁሉ ማረጋገጫ ናት። በ1904 በሰሜን ካሮላይና ከጥቁር ቤተሰብ ተወልዳ ሃምፕተን ኢንስቲትዩት ስትገባ፣ የቤት አያያዝ ትምህርትን እንድትመርጥ መምህሯ ሲመክሯት አልተዋጠላትም ነበር፤ በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ምን ትምህርት ይሆናል ብላ። ሐሳቧን የቀየረችው ስለ ኤለን ሪቻርድስ ካነበበች በኋላ ነው። በ1936 ከኮርኔል ዶክትሬቷን ተቀበለች፤ በዚህ ሙያ ለጥቁር አሜሪካዊት ሴት የመጀመሪያው ነበር። በ1944 ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የትምህርት ክፍሉን መራች። በ1947 ላይቤሪያ ሄዳ የሕዝቡን አመጋገብ አጠናች። ሰዉ ሆዱን በሩዝና በካሳቫ ይሞላል፤ አልራበኝምም ይላል፤ ሰውነቱ ግን ፕሮቲንና ቪታሚን አጥቷል። ይህን ድብቅ ረሃብ አለችው። ፋፋ እየበላ ያደገ ኢትዮጵያዊ ነገሩን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። በ1950 ሕንድ ሄዳ በባሮዳ ዩኒቨርሲቲ የቤት አያያዝ ኮሌጅ እንዲቋቋም ረዳች። በ1963 ለረጅም ዓመታት የጠየቀችው የትምህርት ክፍሉ ሕንፃ ሃዋርድ ውስጥ ተመረቀላት፤ በዚያም የድሃ ቤተሰብ ልጆች ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት የሚመገቡበትና የሚማሩበት መዋዕለ ሕፃናት ከፈተች፤ ወላጆቻቸውንም አብራ አስተማረች። የአሜሪካ መንግሥት በ1965 ሄድ ስታርት የተባለውን አገር አቀፍ የሕፃናት ፕሮግራም ሲጀምር፣ ከተማከራቸው ባለሙያዎች አንዷ እሷ ነበረች።